አንድ ዓሣ ነባሪ ለአንድ ከተማ

ዛሬ ከቤታችሁ ሳትወጡ ሩቅ አገር ልንወስዳችሁ ነው። ጋቢያችሁን ደረብ አድርጉ፤ የምንሄደው ወደ ብርድ ነው።

ኡትኪያግቪክ በአላስካ፣ በአርክቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ የምትገኝ የአሜሪካ የመጨረሻዋ ሰሜናዊ ከተማ ናት። እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ባሮው ትባል ነበር። ከኅዳር እስከ ጥር ከሁለት ወር በላይ ፀሐይ አትወጣባትም፤ ከግንቦት እስከ ሐምሌ ደግሞ አትጠልቅባትም። እህል አይበቅልባትም። ታዲያ ነዋሪዎቿ፣ ኢኑፒያት የሚባሉት የአገሩ ተወላጆች፣ በምን ይኖራሉ? ከአባቶቻቸው ጀምሮ እግዚአብሔር በባሕሩ ውስጥ ባኖረው በረከት ነው። ከዚህም ዋናው ቦውሄድ የሚባለው ዓሣ ነባሪ ነው። ርዝመቱ እስከ 18 ሜትር፣ ዕድሜውም ከ200 ዓመት በላይ ይደርሳል።

ባለ ትዳሮች ሆይ፣ ይህን ልብ በሉ። የአደን ቡድኑ አለቃ ብቻውን አለቃ አይደለም። ሴቶች ሲል የሚባለውን የባሕር እንስሳ ቆዳ ሰፍተው ጀልባውን ያለብሳሉ፤ የአለቃው ሚስትም ቡድኑን ትመግባለች፣ ክፍፍሉንም ትመራለች። ሽማግሌዎቻቸው፣ ዓሣ ነባሪው የሚመጣው ሚስቲቱ ሰላማዊና ለጋስ ወደሆነችበት ቤት ነው ይላሉ። እኛ ሰጪው እግዚአብሔር እንደሆነ እናምናለን። ነገር ግን ስንቶቻችን ባሎች የቤታችን እንጀራ በሚስታችን ልግስና ጭምር እንደሚመጣ አስበን እናውቃለን?

ሥጋው አይሸጥም። እኛ ለበዓል ቅርጫ ስንገባ ገንዘብ እናዋጣለን፤ እነርሱ ግን ለአረጋውያንም፣ አዳኝ ለሌለው ቤትም እንዲሁ ያካፍላሉ። በሰኔ ወር ናሉካታክ በሚባለው በዓል ጸልየው ያከፋፍላሉ። በምስጋና ቀንና በገና ደግሞ ክፍፍሉ በቤተ ክርስቲያን ይሆናል። የፕሬስቢቴሪያን ሚስዮናውያን ወደ ከተማይቱ የመጡት በ1890 እ.ኤ.አ. ነበር።

ይሁን እንጂ ይህ ማዕድ ሊታጠፍ ነበር። ከ1848 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሩቅ የመጡ የንግድ መርከቦች ለዘይቱ ብለው ዓሣ ነባሪዎቹን ፈጇቸው። በ1977 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን የቀሩት ጥቂት ናቸው ብሎ የኢኑፒያትን አደን ከለከለ። አዳኞቹ ግን፣ «ብዙዎቹ ከበረዶው በታች ስለሚያልፉ አታዩአቸውም» አሉ። ሃሪ ብራወር የተባሉ አረጋዊ አዳኝ ይህን ለተመራማሪዎች በትዕግሥት አስረዱ። ተመራማሪዎቹም ሰሙ፤ ድምፅ መቅጃ መሣሪያ ወደ ውኃው አውርደው የዓሣ ነባሪዎቹን ድምፅ አዳመጡ። እውነትም በዙ! በ2001 እ.ኤ.አ. በተደረገው ቆጠራ 10,000 ያህል ሆኑ። ዛሬ አደኑ በተወሰነ ቁጥር ይፈቀዳል፤ ቁጥሩን ማኅበረሰቡ ራሱ ያስከብራል።

አሁን ደግሞ ሌላ ፈተና መጥቷል። ምድር እየሞቀች ስለሆነ አዳኞች የሚቆሙበት የባሕር በረዶ ሳስቷል። በረዷማው መሬት ውስጥ ተቆፍረው ሥጋ የሚያቆዩ ጓዳዎች እየቀለጡ ውኃ ይሞላቸዋል። በረዶው ሲሸሽ መርከቦች ይበዛሉ። መልካም ዜናም አለ፤ ዘጠኝ አገሮችና የአውሮፓ ኅብረት በአርክቲክ ውቅያኖስ መካከል የንግድ ዓሣ ማስገር እንዳይጀመር ተስማምተው፣ ስምምነቱ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለ16 ዓመታት ጸንቷል።

ወገኖች፣ አዳም በገነት የተቀመጠው እንዲያበጃትም እንዲጠብቃትም ነበር። ጥበቃ ከጆሮ እንደሚጀምር ኡትኪያግቪክ ታስተምረናለች፤ በስፍራው የኖረውን ሰው ከመስማት። በትዳርም ያው ነው። ዛሬ ማታ ማዕድ ስትቀርቡ እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ፦ በቤታችን ያልተሰማ ማን ነው? ከበረከታችንስ ድርሻው ያልደረሰው ጎረቤት ማን ነው?

ጌታ ማዕዳችሁን ይባርክ!