«አቁምልን» የሚል የሌለበት መንገድ

ኮርቬት የምትባለው ባለ ሁለት ወንበር መኪና ውስጥ እግርን አስቀድሞ መግባት አይሆንም። ወንበሯ ከጉልበት በታች ነው። ጀርባን ሰጥቶ ቁጭ ማለት፣ ከዚያ ሁለቱን እግር አንድ ላይ አንስቶ ወደ ውስጥ ማዞር ነው የሚሻለው። ይህን ያስተማረኝ የአክስቴ ልጅ ነው፤ በጥቅምት አጋማሽ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ፣ ቤቱ ደጃፍ ላይ። «ቀስ ብለህ፣ ጭንቅላትህን ጠብቅ» እያለ እስክደላደል ድረስ በሩን ይዞልኝ ቆመ።

«ጋሼ» እለዋለሁ፤ 12 ዓመት ይበልጠኛል። አሜሪካ ከገባ ጀምሮ እንጀራው መሪ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ፣ አሁን ደግሞ ከስቴት ስቴት የሚመላለስ ትራክ። ሳምንቱን ሙሉ ሲነዳ ሰንብቶ በእረፍቱ ቀን መልሶ መንዳት ለምን እንደሚያምረው ጠይቄው ነበር። «ትራኩ የሥራ ነው፤ ይቺ የእኔ ናት» አለኝ። እ.ኤ.አ. የ2008 ሥሪት ናት፣ ከሰው እጅ የገዛት፣ ጥቁር ሰማያዊ። የምንሄደው እሷ ወደ ተሠራችበት ከተማ፣ ኬንታኪ ውስጥ ወዳለችው ቦውሊንግ ግሪን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ኮርቬት የሚሠራው እዚያ ነው፤ ሙዚየሟም ከፋብሪካው አጠገብ ነው። ከፊታችን ከ1100 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ።

ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁት ደረቅ ሻንጣ እቤት ቀረ። የኋላው ዕቃ መጫኛ ሰፊ ቢሆንም ዝቅ ያለ ነው፤ ጣሪያዋ ሲነቀልም የሚቀመጠው እዚያው ስለሆነ ከሥሩ የሚገባው ለስላሳ ቦርሳ ነው። ዕለቱ ረቡዕ ስለነበር የጋሼ ባለቤት የጾም ስንቅ ቋጥራልናለች፤ ዳቦ ቆሎ፣ የገብስና የሽምብራ ቆሎ፣ አንድ ፔርሙዝ ቡና። መጨረሻ ላይ አንድ አሮጌ ነጠላ አራት ቦታ አጥፋ ሰጠችኝና «ያስፈልግሃል» አለችኝ። ለብርዱ መስሎኝ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

በአገራችን ጋቢና መቀመጥ ክብር ነው። ይቺ መኪና ደግሞ ሁለመናዋ ጋቢና ነው፤ ሁለት ወንበር፣ መሐላቸው ማርሽ፣ ከኋላ ማንም የለም። ሲነጋጋ፣ 66 ቁጥርን ጨርሰን 81 ቁጥር ሀይዌይ ላይ ወደ ደቡብ ስንፈስ፣ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። መንገዱ በሁለት የተራራ ሰንሰለት መካከል ባለ ሸለቆ ነው የሚሄደው፤ በግራ ብሉ ሪጅ፣ በቀኝ አሌጌኒ። ዛፉ ሁሉ ቅጠሉ ቀልቷል፣ ቢጫ ሆኗል። ጋሼ ጥላሁን ገሠሠን ከፍቶ አብሮ ያዜማል። ትራክ ስናልፍ ወንበራችን ዝቅ ያለ ስለሆነ ከዓይኔ ትይዩ የሚውለው የትራኩ ጎማ ቡሎን ነው። ሲጀመር ያስፈራል፤ ከዚያ ይለመዳል።

ሁለት ሰዓት እንዲህ ሄድን። በሦስተኛው መጀመሪያ ጆሮዬ ደከመ። የኋላ ጎማዎቿ 285 ሚሊ ሜትር ስፋት አላቸው፤ ከራስጌያችን በስተኋላ ደግሞ ከትልቁ መስታወት በቀር ድምፁን የሚጋርድ ነገር የለም። ለስላሳ አስፋልት ላይ ድምፁ ራቅ ያለ ዝናብ ይመስላል። ኮንክሪት ላይ ስንወጣ ግን ወፍጮ ቤት በር ላይ የተቀመጥኩ ያህል ነበር። ቀጥሎ ወገቤ። ስኮርታ የላትም፤ በእሱ ፈንታ ጎማዎቿ ተንፍሰውም ጥቂት መንገድ እንዲሄዱ ግድግዳቸው ደረቅ ተደርጎ ተሠርቷል፣ ያ ድርቀት የመንገዱን ስንጥቅ ሁሉ እየለቀመ ለወገብ ያደርሳል። መጨረሻ ላይ እግሬ። ወደ ፊት ተዘርግቶ መቀመጥ ሲጀመር የመኳንንት አቀማመጥ ነበር፤ ጉልበቴን ማጠፍ እንደማልችል ሲገባኝ ግን መዘርጋቱ መታሰር ሆነብኝ። ቀኝ እግሬ እስከ ጣቴ ድረስ ደነዘዘ።

ዝም አልኩ። ሰውየው የእረፍት ቀኑን ሰጥቶኛል፣ ነዳጅ ሞልቷል፣ ደስ ብሎት ያዜማል፤ እኔ ምን ብዬ አቁም ልበለው?

ከአዲስ አበባ ጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በአውቶቡስ ብዙ ጊዜ ተመላልሼበታለሁ። ወንበሩ የጠበበ፣ መንገዱ የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት ያለበት ነው። ግን እንዲህ ሆኜ አላውቅም። አሁን ሳስበው ምክንያቱ አንድ ነው። እዚያ ሁልጊዜ አንዲት እናት አሉ፤ «ኧረ ሹፌር፣ አቁምልን!» የሚሉ። ሕፃን ያለቅሳል፣ አንዱን ያስመልሰዋል፣ ረዳቱ ይጮሃል፣ አውቶቡሱ ይቆማል። አንተ ሳትጠይቅ ትወርዳለህ፣ ትንጠራራለህ፣ ተመልሰህ ትሳፈራለህ። እኔ በሕይወቴ ሹፌር አስቁሜ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ያስቆምልኛል። ባለ ሁለት ወንበር መኪና ውስጥ ግን ሌላ ሰው የለም። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ወገብ ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሮአኖክ አካባቢ አራት ሰዓት ሊሞላን ሲል ነዳጅ ለመቅዳት ቆምን። በሩን ከፍቼ ሁለቱን እግሬን አወጣሁ፤ ለመነሳት ስሞክር ቀኙ አልታዘዘኝም። ጣሪያውን ይዤ ተንጠለጠልኩ። ጋሼ የነዳጁን ቱቦ ትቶ ሮጦ መጣና ክንዴን ያዘኝ።

«ምነው አልነገርከኝም?»

«ደስ ብሎህ እየነዳህ...»

ጥቂት ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ «እኔም ጉልበቴ ከስታንተን ጀምሮ ይነዘንዘኛል» አለ። «አንተ ምንም ሳትል እኔ ታላቁ ልቁም ማለት አፍሬ ነው እኮ።»

ሁለታችንም እየታመምን፣ ሁለታችንም እየተከባበርን፣ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ሄደናል።

የፔርሙዙን ቡና ቆመን ጠጣን። ጋሼ ያኔ ስለ ትራኩ አወራኝ። የትራክ ሹፌር ስምንት ሰዓት ከነዳ የ30 ደቂቃ እረፍት ግዴታው ነው፤ በአንድ ፈረቃ ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት አይፈቀድለትም፤ እንደገና ለመነሳት 10 ሰዓት ከሥራ ውጭ መሆን አለበት። ሰዓቱን የሚመዘግብ መሣሪያ መኪናው ላይ አለ። «እዚያ ሕጉ ያቆምልኛል፤ እዚህ ግን እኔው ነኝ» አለ። የግል መኪና የሚነዳን ሰው እንዲህ ብሎ የሚያስቆም ሕግ የለም። ሐኪሞች ግን ከአራት ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ እንደሚችል ያስጠነቅቃሉ፤ አውሮፕላንም ሆነ መኪና ልዩነት የለውም።

ስለዚህ ውል ገባን። ስልኩ በየሁለት ሰዓቱ እንዲጮህ ተደረገ። ሲጮህ ይቆማል፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም። አሥር ደቂቃ በእግር ይኬዳል፣ ውኃ ይጠጣል። ነጠላው ያን ጊዜ ቦታውን አገኘ። ከቀበቶ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ጀርባ ወደ ውስጥ የሚገባበት ጎድጓዳ ላይ ይቀመጣል። በየሰዓቱ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይደረጋል፤ አንዳንዴም ይነሣል፤ ምክንያቱም የሚያደክመው የወንበሩ ድርቀት ሳይሆን አካል አንድ ቦታ ላይ መቸንከሩ ነው። ወንበሬን ካሰብኩት በላይ ቀጥ አደረግነው። ለጆሮዬ ጋሼ ትራክ ውስጥ ሲተኛ የሚጠቀምበትን የስፖንጅ መድፈኛ ሰጠኝ፤ ራሱ ግን የሚነዳ ሰው መስማት አለበት ብሎ አላደረገም። ተሳፋሪ ከሹፌር ቀድሞ የሚደክመውም ለዚህ ይመስለኛል። ሹፌር ያያል፣ ይሰማል፣ ይይዛል፤ ተሳፋሪ ሥራው መቀመጥ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ መኪናዋን በሌላ ዓይን አየኋት። ጋሼ «ይቺ እኮ በባሌስትራ ነው የምትሄደው» ሲለኝ አላመንኩም ነበር። ባሌስትራ ለእኔ የአይሱዙ ነው፣ ተደራራቢ ብረት። የእሷ ግን ከፋይበርግላስ የተሠራ አንድ ቅጠል ነው፤ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ፣ ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ በአግድም የተዘረጋ። በሰዓት በ70 ማይል፣ በስድስተኛ ማርሽ፣ ሞተሯ በደቂቃ የሚዞረው 1500 ጊዜ ገደማ ነው። 430 የፈረስ ጉልበት ይዛ እንደተኛች ትሄዳለች። ጋሼም አይቀሰቅሳትም። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ85 ማይል በላይ መንዳት ተራ የትራፊክ ቅጣት አይደለም፤ በወንጀል ያስጠይቃል። ደግሞስ ከ70 ወደ 80 ማይል ከፍ ቢባል በ100 ማይል መንገድ የሚተርፈው 10 ደቂቃ ገደማ ነው። አሥር ደቂቃ ለእኔ አንድ ጊዜ ወርዶ መንጠራራት ነው፤ ያን በፍጥነት አልለውጠውም።

ቴነሲን ያቋረጥናት ጣሪያውን ነቅለን፣ ፀሐይ እየሞቅን ነው። ከኖክስቪል አልፎ ወደ ኩምበርላንድ አምባ ሲወጣ ሰዓት አንድ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ቦውሊንግ ግሪን ስንገባ ገና ራት ሰዓት ነበር። በእግሬ ቀጥ ብዬ ወረድኩ።

በማግስቱ ሙዚየሙን አየን። የመጀመሪያዎቹ ኮርቬቶች እ.ኤ.አ. በ1953 ሚሺጋን ፍሊንት ውስጥ የተሠሩት 300 ናቸው፤ ሁሉም ነጭ፣ ውስጣቸው ቀይ። በራቸው የውጭ መክፈቻ የለውም፣ የሚወርድ የሚወጣ መስታወት የለውም፤ ዝናብ ሲመጣ የፕላስቲክ መጋረጃ እየሰኩ ነበር የሚሄዱት። መስታወት ያገኙት በ1956 ነው። ስለ ወገቤ ያማረርኩት ነገር እዚያ ጋ ቀለለኝ። ከዚያ ወዲያ ብዙ የቆምኩት ከተጎዱት መኪኖች ፊት ነው። አካባቢው ከሥሩ በዋሻ የተቦረቦረ የኖራ ድንጋይ ነው፤ እ.ኤ.አ. የካቲት 12 ቀን 2014 ንጋት ላይ የአንዱ አዳራሽ ወለል ተደርምሶ ስምንት ኮርቬቶች ገደል ገቡ። ሦስቱ ተጠግነዋል፤ ከእነሱ አንዱ የ1992ቱ አንድ ሚሊዮንኛ ኮርቬት ነው። አምስቱ እንደተጨፈለቁ፣ ጭቃቸው እንዳለ ለሕዝብ ይታያሉ። ጉዳታቸው አለመደበቁን ወደድኩት።

መመለሻውን ለሁለት ቀን ከፈልነው። ብሪስቶል አደርን፤ የከተማዋ ዋና መንገድ መሐሉ ድንበር ነው፤ አንዱ ጠርዝ ቴነሲ፣ ሌላው ቨርጂኒያ። ጠዋት ተነስተን አሌክሳንድሪያ እስክንደርስ ስልኩ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ ሁለቱንም ጊዜ ቆምን። ሦስተኛውን፣ ስትራስበርግ ሳንደርስ፣ «ጋሼ፣ አቁምልኝ» ብዬ ያስቆምኩት እኔ ነኝ።