ዞሮ መመለስ

አውሮፕላን ማንሣት ቀላል ነው ይባላል፤ እኛም በረራ መማር ከጀመርን ወዲህ አባባሉን ውሸት ሆኖ አላገኘነውም። ሞተሩን ከፍቶ ቀጥ አድርጎ ለያዛት ሰው ትንሿ አውሮፕላን ራሷ ልነሣ ልነሣ ትላለች። ጣጣው መውረዱ ላይ ነው። በሥልጠና ጊዜ ቀላል አውሮፕላኖች ላይ ከሚደርሱት አደጋዎች ብዙዎቹ የሚደርሱት በማረፍ ላይ ሳሉ ነው። ደግነቱ አብዛኞቹ የሚሰብሩት ብረት እንጂ አጥንት አይደለም።

ችግሩ የቆየ ነው። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያረፈችው የመጀመሪያዋ አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25፣ ሁለት ጎማዎቿ ከፊት፣ መደገፊያዋ ከጅራቷ ሥር ነበር። እንዲህ ያለችው አውሮፕላን የክብደቷ ማዕከል ከጎማዎቿ በስተኋላ ስለሆነ፣ መሬት ነክታ ትንሽ ከጠመመች ጅራቷ ፊቷን ልቅደም ይላል፤ ትዞርና ክንፏን መሬት ታስመታለች። እንደ ሴስና 172 ያለችው ሦስተኛ ጎማዋን ወደ አፍንጫዋ ስላመጣች ይህ አመል ቀንሶላታል። በምትኩ ያቺው የአፍንጫ ጎማ የተማሪ ፈተና ሆነች።

እንዴት ቢሉ፣ ሴስናዋ ለማረፍ ስትቃረብ 65 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይበቃታል። ተማሪው ግን ስለሚፈራ «ትንሽ ልጨምርላት» ይላል። ፍጥነት በ10 በመቶ ሲጨምር ጉልበቷ በ21 በመቶ ይጨምራል፤ ትርፉ ጉልበት ደግሞ መሄጃ ይፈልጋል። መሬት አጠገብ ክንፏ ይበልጥ ስለሚሸከማት አልወርድም ብላ ትንሳፈፋለች፤ ማኮብኮቢያው ከሥሯ ያልቃል። ተማሪው ትዕግሥቱ ተሟጦ አፍንጫዋን ወደ ታች ይጫናል። የፊት ጎማዋ ቀድማ ትመታለች፤ ትነጥራለች። እንደገና ይጫናታል፤ ብሶባት ትነጥራለች። ሦስተኛው ላይ የፊት እግሯ ይታጠፍና ፕሮፔለሩ አስፋልት ይገምጣል። ከዚያ በኋላ ሞተሩም ተፈትቶ መመርመር አለበት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸው አይደል?

በእኛ አገር ደጋው ሌላ ጣጣ ይጨምራል። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ሳሳ ስለሚል መሣሪያው 65 ሲያሳይ አውሮፕላኗ በእርግጥ የምትሄደው ወደ 75 ኖት ገደማ ነው፤ ይዛው የምትወርደው ጉልበትም በሲሶ ያህል ይበልጣል። በመስኮት የሚያይ ዓይን «ኧረ ፈጠንሽ!» ይላል። መሣሪያውን ትቶ ዓይኑን ያመነና ፍጥነት የቀነሰ፣ ገና አየር ላይ ሳለ ክንፉ ይከዳዋል።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ አሠልጣኞችም ሳይሰለቹ ይደጋግሙታል። ካልተመቸህ ሞተሩን ሙሉ ክፈት፣ አፍንጫዋን አደብ አስይዝ፣ ፍላፑን ቀስ በቀስ ሰብስብ፣ ዞረህ ተመለስ። በቃ። ታዲያ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ተማሪ ለምን ሦስቴ ይነጥራል?

እኛን የሚመስለን ይሉኝታ ነው። ማረፍ ሰው ፊት የሚሠራ ሥራ ነው፤ ጓደኛ ከዳር ቆሞ ያያል። አንድ ቀን አንዱ ጓደኛችን ብቻውን ሲበር አንዴ ነጠረና፣ ሞተሩን አስጓርቶ ተነሣ። ከዳር ከቆሙት አንዱ «ፈሪ ለእናቱ!» አለ። ተሳቀ። አሠልጣኛችን ግን አልሳቁም። «ልክ ነህ፣ ለእናቱ ነው» አሉት። «ማታ እንድታየው ብሎ ነው የዞረው።» ጓደኛችን በሁለተኛው ዙር አረፈ፤ ማስተረፉ እንጂ ማማሩ ያን ያህልም አልነበረም።

ስሕተትን ሰው ፊት «አልሆነም፣ እንደገና» ብሎ መተው ከባድ ነው። የጀመሩትን መጨረስ ጀግንነት ነው ተብለን ያደግን ልጆች ነንና ለእኛማ ይብሳል። ስለዚህ ከዳር የሚቆም ሁሉ ሞተር ሲያጓራ በሰማ ጊዜ እንዳይስቅ እንለምናለን። ያ ድምፅ ተማሪው ማሰብ እንዳላቆመ የሚናገር ድምፅ ነው።