የ1928 ልጆች

1928 ዓ.ም. በታሪክ መጻሕፍታችን የሚታወሰው በሞትና በሽንፈት ነው። መስከረም 22 ቀን የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻገረ። መጋቢት 22 ቀን የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ማይጨው ላይ ድል ሆነ። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ አመሩ፤ በሦስተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 27፣ የማርሻል ባዶልዮ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ሐምሌ 22 ቀን አቡነ ጴጥሮስ በአደባባይ በጥይት ተደብድበው አረፉ። ይህን ሁሉ በተማሪነታችን ለፈተና ሸምድደነዋል።

ያልሸመደድነው ሌላ ዝርዝር አለ። አዲስ አበባ በተያዘችበት በዚያው ሚያዝያ 27 ቀን፣ በአድዋ አውራጃ እርባ ገረድ በምትባል መንደር ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ተወለደ። አቡነ ጴጥሮስ ባረፉ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ነሐሴ 11፣ አምቦ አጠገብ ቦዳ ላይ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ተወለደ። በ1962 ዓ.ም. «አደፍርስ»ን የሰጠን ዳኛቸው ወርቁም የዚሁ ዓመት ልጅ ነው።

እነዚህን ሁለት ዝርዝሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው «እግዜር ሲነሳ ይሰጣል» ለማለት ይቸኩላል። እኔ ግን የባንክ ሠራተኛ ነኝና ገቢን ከወጪ ሳላመሳክር መዝገብ መዝጋት አይሆንልኝም። በተከታዩ ዓመት፣ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ጭፍጨፋ በኋላ፣ ፊደል የቆጠሩ ወጣቶች እየታደኑ ተገደሉ። ከእነርሱ መካከል ስንት ባለቅኔ፣ ስንት ደራሲ ነበር? ለእነጸጋዬ ታላቅ ወንድም የሚሆኑ፣ ሥራቸው ቀርቶ ስማቸው እንኳ ያልደረሰን ብዙዎች ናቸው። ሐዲስ ዓለማየሁ ከኢጣሊያ እስር ተርፈው ባይመለሱ ኖሮ «ፍቅር እስከ መቃብር»ም ከዚያው የዝምታ መቃብር በገባ ነበር። እንግዲህ የሦስቱ መወለድ ካሳ አይደለም። የጠፋው እንደ ጠፋ ነው።

ሦስቱ ግን ባዶውን ቤት ወረሱ፤ እያንዳንዱም በየመንገዱ ሞላው። አሥራ ዘጠኝ ቀን ዘግይቶ የመጣው ጸጋዬ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ብሎ ጻፈ፤ ያላያትን ሰዓት በቃሉ መልሶ ጠርቶ ምስክር ሆነላት። የስብሐት መንገድ ሌላ ነው። የከተማይቱ የውድቀት ቀን ልጅ ሙሾ አላወረደም፤ በ«ሌቱም አይነጋልኝ» የውቤ በረሃን ሌሊት፣ ሳቋንና ገመናዋን ሳይቀር ጻፈ። እርሱ በተወለደባት ቀን ለባዕድ እጅ የሰጠችውን አዲስ አበባን እንደ እርሱ ሳያፍርባት የወደዳት ደራሲ እምብዛም አላውቅም። ያረፈው የካቲት 12 ቀን 2004 ዓ.ም. ነው፤ የሰማዕታቱ ቀን በሰባ አምስተኛ ዓመቱ። በአጋጣሚው ላይ ትንቢት አልጭንበትም፤ ነገር ግን ቀኑ በመጣ ቁጥር ሁለቱን ለይቼ ማሰብ አቅቶኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ሂሳብ ሊከፍቱ መጡ። የትውልድ ዘመናቸውን ብጠይቃቸው፣ «ጣሊያን የገባ ዓመት ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ያን ትውልድ ዕድሜውን እንኳ በወራሪው መምጣት ሲቆጥር አኑሮታል ዘመኑ። «እማማ፣ ጸጋዬ የተወለደበት ዓመት እኮ ነው» ልላቸው ቃጣኝ፤ ከኋላቸው ሰልፉ ረዝሞ ነበርና ዝም አልኩ። ቅጹ የሚቀበለው ቁጥር ብቻ ነው። 1928 ብዬ ጻፍኩላቸው፤ እርሳቸውም አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው አተሙበት።