አሥራ አንደኛዋ ካርታ

ካርታ ስል መጀመሪያ ምን እንደሚታያችሁ አውቃለሁ። ቁማር ነው። መርካቶ ውስጥ በካርቶን ላይ ሦስት ካርታ እያገላበጠ "ቀይዋ የቷ ናት?" የሚለው ሰውዬ፣ ከጎኑ ደግሞ የሚበሉ መስለው ሰዉን የሚያስበሉት ጓደኞቹ። ስለዚህ "ለልጆቻችሁ አንድ ፓኮ ካርታ ግዙላቸው" ብዬ በቤተሰብ መጽሔት ላይ ስጽፍ፣ አንዳንዶቻችሁ "ማን ናት ደግሞ ይህቺ?" ማለታችሁ አይቀርም። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት ያለኝ፣ ሃምሳን ከተሻገርኩ የቆየሁ ሴት ነኝ። ቁማር አልጫወትም፤ ሎተሪ እንኳ አልቆርጥም። ነገር ግን ከሽርጤ ኪስ ካርታ አይጠፋም።

የማወራችሁ እዚህ አገር ማጂክ ስለሚሉት ጨዋታ ነው። በእኛ ቋንቋ ቃሉ ራሱ አስቸጋሪ ነው። አስማት ብንል ሰው ይደነግጣል። አስማት በግእዝ "ስሞች" ማለት ነው፣ የስም ብዙ ቁጥር፤ በክታብ ላይ የሚጻፉት፣ በስውር የሚጠሩት ስሞች ናቸው ቃሉን ያስፈሩት። እኔ የማደርገው ግን የእጅ ቅልጥፍና፣ ትንሽ ሒሳብ፣ ብዙ ወሬ ነው። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ያሰቧትን ካርታ ሳወጣላቸው አማተቡና "ልጄ፣ ከማን ጋር ተማክረሽ ነው?" አሉኝ። "ከ3 እና ከ7 ጋር ነው እማማ" አልኳቸው። ቀልዴን አልወደዱትም። ቡናቸውን ግን እስከ በረካ ጠጥተው ነው የሄዱት።

የጀመርኩት በ2020 ነው። በዚያ ማርች ወር ሰው ማስቀመጥ ሲከለከል፣ 12 ጠረጴዛ ወንበሩን ተሸክሞ ቁጭ አለ። ስልክ ደውለው ምግብ የሚያዙ ጥቂት ደንበኞች ነበሩ፤ በአንዱና በሌላው መካከል ግን አንዳንዴ ሁለት ሰዓት ያልፋል። ጎመን ስንቴ ይከተፋል? ትምህርት ቤቷ ተዘግቶ ቤት የገባችው ልጄ አንድ ፓኮ ካርታና አንድ አሮጌ መጽሐፍ አመጣችልኝ። መጽሐፉ ዣን ሁጋርድና ፍሬድሪክ ብራው የሚባሉ ሰዎች በ1940ዎቹ መጨረሻ ያሳተሙት ነው፤ ዛሬም ጀማሪ ሁሉ የሚያነበው። የመጀመሪያው ምዕራፍ የሚጀምረው ከተአምር አይደለም። ስለ ብወዛ ነው። ካርታ መበወዝ፣ በቃ። እኔም ሳምንታት ሙሉ ባንኮኒው ጀርባ ቆሜ በወዝኩ። ምጣድና ድስት የለመደ እጅ መጀመሪያ ካርታ ሲይዝ ዱላ የያዘ ይመስላል። ቀስ በቀስ ግን እጅ ይማራል፤ እንጀራ ስንማር እንደተማረው ነው። የመጀመሪያው ሁሉ ለሌላ ነው የሚሄደው፤ ከዚያ አንድ ቀን ዓይኑ አምሮ ይወጣል።

ደስ ያለኝ ነገር ምን መሰላችሁ? ግማሹን ሥራ አውቀው ነበር። የካርታ ጨዋታ ዋናው ምስጢር፣ ሰው የሚያየው እናንተ የምታዩትን መሆኑ ነው። እጃችሁን ካያችሁ እጃችሁን ያያል። ቀና ብላችሁ ዓይኑን እያያችሁ አንድ ነገር ከጠየቃችሁት፣ ቀና ብሎ ይመልስላችኋል፤ እጃችሁ በዚያች ቅጽበት የፈለገውን ይሠራል። አስተናጋጅ ሆኖ የሠራ ሰው ይህንን ያውቃል። ማድቤቱ ሲዘገይ ወደ ማድቤት እያዩ አይቆሙም፤ ወደ ጠረጴዛው ሄደው "ልጆቹ እንዴት አደጉ?" ይላሉ።

ልጆች፣ ይህቺ ደግሞ ለእናንተ ናት። ሁዲኒ የሚባለውን ስም ሰምታችሁ ይሆናል። ሰንሰለት በጥሶ የሚያመልጠው። እሱ እንደ ብዙዎቻችሁ ወላጆች ከሌላ አገር የመጣ ነው። በ1874 ቡዳፔስት ተወለደ፤ የአራት ዓመት ልጅ ሆኖ በ1878 ከቤተሰቡ ጋር አሜሪካ ገባ። አባቱ የአይሁድ ሃይማኖት መምህር ነበሩ። ከሰንሰለቱ በፊት ሥራው ካርታ ነበር፤ ራሱን "የካርታ ንጉሥ" እያለ ያስተዋውቅ ነበር። ታዲያ ይህ ንጉሥ "ማንኛውንም የካርታ ጨዋታ ሦስት ጊዜ ካየሁ ምስጢሩን አገኘዋለሁ" ይል ነበር ይባላል። በ1922 ዳይ ቨርነን የሚባል ካናዳዊ አንዲት ካርታ ከላይ ሁለተኛ ላይ እያስገባ፣ ካርታዋ ግን ሁልጊዜ ከላይ እየወጣች አሳየው። ሁዲኒ ደጋግሞ አየ። አላገኘውም። ቨርነን ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኩን "ሁዲኒን ያታለለው ሰው" ተብሎ ኖረ።

የዚህ የቨርነን ደቀ መዝሙር የነበረ ፐርሲ ዳያኮኒስ የሚባል ልጅ ደግሞ አለ፤ በ14 ዓመቱ ከቤቱ ወጥቶ ከቨርነን ጋር ካርታ ይዞ አገር ለአገር ዞረ። (ወላጆች፣ ይህቺን መስመር ለልጆቻችሁ አታንብቡላቸው።) በኋላ ግን ወደ ትምህርት ተመለሰ፤ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1992 ዴቭ ቤየር ከሚባል ሌላ የሒሳብ ሊቅ ጋር ሆኖ፣ 52 ካርታ በደንብ እንዲደባለቅ ለሁለት ከፍሎ እያጣመሩ 7 ጊዜ መበወዝ እንደሚበቃ አሳየ። ሬኔ ላቫንድ የሚባለውን አርጀንቲናዊ ፈልጋችሁ እዩት። በልጅነቱ ቀኝ እጁን አጣ፤ በቀረው በአንዱ፣ ያውም በዝግታ፣ በዓለም የታወቀ የካርታ ሰው ሆነ።

አሁን አንድ ጨዋታ ላስተምራችሁ። ምስጢር አወጣች የሚለኝ ካለ፣ ይሄ በልጆች መጽሐፍ ሁሉ የሚገኝ የድሮ ጨዋታ ነው። ከ52ቱ 21 ካርታ ቁጠሩና የቀረውን ወደ ጎን አድርጉት። 21ዱን ፊታቸውን ወደ ላይ አድርጋችሁ በሦስት ሰልፍ ደርድሩ፤ አንድ ለዚህኛው፣ አንድ ለመሀሉ፣ አንድ ለወዲያኛው፣ እንደገና ከመጀመሪያው፣ እንዲህ በተራ። በየሰልፉ 7 ካርታ ይሆናል። እንግዳው አንዷን በልቡ ይያዝ። አይነካም፣ ስሟንም አይናገርም። የትኛው ሰልፍ ውስጥ እንዳለች ብቻ ይንገራችሁ። ካርታውን ስትሰበስቡ ያ ሰልፍ መሀል ይግባ፣ አንዱ ሰልፍ ከላይ፣ ሌላው ከታች። እንደገና ደርድሩ፣ ጠይቁ፣ ያለውን መሀል አስገቡ። ሦስተኛም እንዲሁ። ከዚያ ጀርባቸውን ወደ ላይ ገልብጡ። ካርታዋ 11ኛ ላይ ናት። ሁልጊዜ።

ለምን? በመጀመሪያው ጥያቄ ከ21 ወደ 7 ወረዳችሁ። በሁለተኛው ከ7 ወደ 3 ወይም ወደ 2። በሦስተኛው አንድ ላይ ደረሳችሁ። መሀል የማስገባቱ ነገር ደግሞ ካርታዋን በየጊዜው ወደ እምብርቱ ይገፋታል፤ በመጨረሻ 10 ከላይ፣ 10 ከታች፣ እሷ መካከል። ሒሳብ አልወድም የሚል ልጅ ካላችሁ ይሄንን አስይዙትና እዩት።

ይሁንና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያላችሁ 11 ላይ ብታወጡ እንግዳው "ቆጠረችው" ይላል፤ ጨዋታው ሞተ። ፈረንጆቹ ስለዚህ አንድ ቃል በፊደል እየጠሩ፣ ለአንድ ፊደል አንድ ካርታ እያስቀመጡ ይቆጥራሉ። እኔም እርሳስ ይዤ 11 ፊደል ያለው አማርኛ ስፈልግ ስንት ቀን ከረምኩ። የራሴ በር ላይ ተጽፎ አገኘሁት። እንኳን ደህና መጣችሁ። ቁጠሩት፦ እ፣ ን፣ ኳ፣ ን፤ ደ፣ ህ፣ ና፤ መ፣ ጣ፣ ች፣ ሁ። 11። "ደኅና" ብላችሁ በብዙኃኑ ኀ ብትጽፉትም ያው ነው።

ለቤተሰብ ይሄ ይበቃል። ለአንድ ሰው ከሆነ ግን "መጣህ" ወይም "መጣሽ" 10 ብቻ ነው፤ ፊደሉ ሲያልቅ ቀጥላ ያለችውን ትገልጣላችሁ። ለትልቅ ሰው "መጡ" ስትሉ ደግሞ 9 ይሆናል። አክብሮት ሁለት ካርታ ያጎድላል! "ጋሼ" ስጨምርበት ሞላልኝ፤ እንኳን ደህና መጡ ጋሼ፣ 11። ሴቶቹ ላይ ተቸገርኩ። "እትዬ" ሦስት ነው፤ "እማማ"ም ሦስት ነው፤ አንድ ያልፋል። ስለዚህ ለእነሱ ከተቀመጠው ካርታ አንዷን ማንም ሳያይ ከላይ ጣል አደርጋለሁ።

አንድ ሕግ ደግሞ አለ፤ ያንኑ ጨዋታ ለዚያው ሰው ወዲያው አይደግሙም። ሰው ሁለተኛ ሲያይ ምን እንደሚመጣ ስለሚያውቅ፣ የሚያየው ሌላ ቦታ ነው። እንግዳ "ድገሚው" ሲለኝ ቡና ልቅዳ ብዬ እነሣለሁ።

ቀጥሎ ያለውን የምጽፈው አባትየውን ጠይቄ ነው። ስማቸውን አልጽፍም።

አባትና ልጅ ናቸው። ወላጆቹ ተለያይተው ልጁ አባቱን የሚያገኘው በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ቅዳሜ ነው። ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ፣ መስኮቱ ጋ ይቀመጣሉ፣ ጥብስና የተጠበሰ ድንች ያዛሉ። አባትየው ታክሲ ይነዳል፤ እንግሊዝኛው የመንገድ ነው። የ11 ዓመቱ ልጅ አማርኛው "እሺ" ነው። ከዚያ ሁለቱም ስልካቸውን ያወጣሉ። ልክ አውቶቡስ የሚጠብቁ ሁለት መንገደኞች። ሰላሳ ደቂቃ፣ አርባ ደቂቃ፣ አንድ ቃል ሳይወጣ። ይህንን ስንት ጠረጴዛ ላይ እንዳየሁት ብነግራችሁ አታምኑም።

አንድ ቅዳሜ 21ዱን ካርታ ደረደርኩላቸው። ልጁ ስልኩን ገልብጦ አስቀመጠ። "አስተምሪኝ" አለኝ በእንግሊዝኛ። "በአማርኛ ብቻ ነው የሚሠራው" አልኩት፤ ደግሞም እውነቴን ነው። በሒሳብ ደረሰኝ ጀርባ ላይ 11ዱን ፊደል ጻፍኩለት። የቀረውን ለአባትየው ተውኩት። በየማታው በስልክ እየተያዩ፣ አንዱ ካርታ እየደረደረ፣ ሌላው "የለም የለም፣ ኳ ናት፣ ካ አይደለችም" እያለ ሰነበቱ። በሦስተኛው ቅዳሜ ጥብሱ ቀዘቀዘባቸው፤ ሙዚቃውን ቀነስኩላቸው።

ከዚያ አባትየው ብቻውን መጣ። እናቱ ከደሴ ሊመጡ ነው፤ የልጅ ልጃቸውን አይተውት አያውቁም። "እትዬ፣ አንድ ነገር ጨነቀኝ" አለኝ። "እናቴ ካርታ ዓይኗ እንዲያይ አትፈልግም። አባቴ የእህል ሽያጩን በካርታ በልቶ ነው ቤታችን የፈረሰው። ልጁ ደግሞ አጥንቶ የሚናገረው አማርኛ እሱ ብቻ ነው። ላሳያት እያለ ነው የሚያድረው። ልከልክለው?"

እኔም አላውቅም አልኩት። ልጁን ምን ብሎ ይከለክለዋል?

እናትየው በመጡ በሳምንቱ ቅዳሜ ሦስቱም መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው መስኮቱ ጋ ተቀመጡ። ምግቡ ተነሣ፣ ቡናው ቀረበ፣ ልጁ ካርታውን አወጣ። የሴትዮዋ ፊት ተለወጠ። ምንም አላሉም፤ ሁለት እጃቸውን ግን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። አባትየው ትሪውን ያያል። እኔ ጀበና ይዤ ቆሜያለሁ።

ልጁ አልቆመም። "አይንኩ" አላቸው፤ "በዓይን ብቻ።" 21ዱን ደረደረ። እጅ አያስፈልግማ። ትንሽ ዝም አሉና በአገጫቸው ወደ አንዱ ሰልፍ ጠቆሙ። ሰበሰበ፣ ደረደረ። በአገጫቸው ጠቆሙ። ሦስተኛም። ከዚያ ካርታውን ገልብጦ እየጠራ ያስቀምጥ ጀመር። እ፣ ን፣ ኳ፣ ን። ኳን ሲል አባቱን አየት አደረገው። ደ፣ ህ፣ ና። መ፣ ጡ። ልቤ ተሰቀለ፤ "እማማ" ሊል ነው፣ አንድ ያልፍበታል፣ ካርታ የመደረቡን ነገር ደግሞ አላሳየሁትም። "እ" አለና አንድ አስቀመጠ። "ማ" አለ። ቆመ። እማ። ቤት ውስጥ ብቻውን ቁጭ ብሎ ቆጥሮት ኖሯል። ገለጣት፤ ቀይ ልብ ያላት ዘጠኝ ነበረች።

ሴትዮዋ እጃቸውን ከነጠላው አወጡ። ካርታዋን አንሥተው ፊቷን አዩ፣ ጀርባዋን አዩ።

"ብር የለበትም?" አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው።

"የለበትም እማዬ።"

ካርታዋን መለሱለት። "ድገመው" አሉት።

ልጁ ዞር ብሎ አየኝ። እኔ ሁለተኛውን ቡና ልቀዳ ሄድኩ።