ለእህቴ ያቆየሁት እንጆሪ

እህቴ ከአረብ አገር ደውላ «የአዲስ ቅዳም እንጆሪ አማረኝ» አለችኝ። የፈረንጁን ሳይሆን በየአጥሩ የሚበቅለውን እሾሃማውን ማለቷ ነው። የምትመጣው ግን ወቅቱ ካለፈ በኋላ ነው። ምን ላድርግ?

ለቀምኩ፣ አጠብኩ፣ በጨርቅ አደረቅኩ፤ ፍሬ ከፍሬ ሳይነካካ በትሪ ዘርግቼ ፍሪዘር ውስጥ ከተትኩ። ድንጋይ ሲሆን በፌስታል ቋጠርኩት። ሳይዘረጋ ከታጨቀ እኮ አንድ ላይ ይጋገራል! መብራት ሲጠፋም ፍሪዘሩን አልከፈትኩም። ሞልቶ ከተዘጋ እስከ 2 ቀን ቅዝቃዜውን ይይዛል።

መጣች። እንጆሪው ሲቀልጥ ልፍስፍስ አለ፤ ውሃው በረዶ ሲሆን ፍሬውን ከውስጥ ይሰባብረዋል። እያፈርኩ አቀረብኩላት።

ሳህኑን በጣቷ ጠረገችው። «እማዬ የምትለቅምልን ትዝ አለኝ» አለችና አለቀሰች። እማዬን ለመቅበር አልደረሰችም ነበር።

ወዳጆቼ፣ በወቅቱ አስቀምጡ። የሚመጣ ሰው አለ።