ከማስተባበያው በኋላ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 2024 በእንግሊዟ ሳውዝፖርት፣ ዳንስ በሚማሩ ሕፃናት ላይ በተፈጸመ የስለት ጥቃት ሦስት ትንንሽ ልጃገረዶች ሞቱ። ፖሊስ የተጠርጣሪውን ስም ሳይናገር ማኅበራዊ ሚዲያው «አሊ አል-ሻካቲ» ብሎ ስም አወጣለት፤ በጀልባ የገባ ጥገኝነት ጠያቂ ነውም ተባለ። ፈጠራ ነበር። የተያዘው የ17 ዓመት ልጅ ካርዲፍ የተወለደ ነው፤ ወላጆቹም ከሩዋንዳ የመጡ ክርስቲያኖች ናቸው። በማግስቱ ምሽት ግን በከተማዋ መስጊድ ላይ የጡብ ናዳ ወረደ።

*

ኦገስት 1 ቀን ዳኛው የልጁ እውነተኛ ስም እንዲገለጽ ፈቀዱ። ሕዝቡ ተታልሎ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያ ላይ በበረደ ነበር። ኦገስት 4 ቀን ሮዘራም አቅራቢያ ጥገኝነት ጠያቂዎች የሚኖሩበትን ሆቴል፣ ሰው ውስጡ እያለ፣ ረብሸኞች ሊያቃጥሉት ሞከሩ። «ሐሰተኛ መረጃ አሳሳታቸው» የሚለው ትንታኔ አልዋጥልህ ያለኝ ለዚህ ነው። ቁጣው ቀድሞ ተሰናድቶ አድራሻ ይጠብቅ ነበር።

*

ኖቬምበር 2017፤ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ከአንዲት የብሪታንያ ቀኝ አክራሪ ቡድን ምክትል መሪ ገጽ ሦስት ቪዲዮዎች ወስደው አጋሩ። አንዱ ሙስሊም ስደተኛ በምርኩዝ የሚሄድ የሆላንድ ልጅ ሲደበድብ ያሳያል የተባለ ነበር። የሆላንድ ኤምባሲ፣ ደብዳቢው እዚያው ሆላንድ ተወልዶ ያደገ ነው ብሎ መለሰ። የዋይት ሐውስ ቃል አቀባይ ሳራ ሳንደርስ ደግሞ፣ ቪዲዮው እውነት ሆነም አልሆነ ስጋቱ እውነት ነው አሉ። ከዚህ የጠራ ኑዛዜ ሰምቼ አላውቅም።

*

ኤክስ ሰማያዊ ምልክት ገዝተው ብዙ ተመልካች ለሚሰበስቡ ገጾች ገንዘብ ይከፍላል። ማስተባበያ ጽፎ የከበረ ካለ አልደረስኩበትም።

*

ዲሴምበር 20 ቀን 2024 በጀርመን ማግደቡርግ የገና ገበያ ላይ ሰው መሐል መኪና የነዳው የሳውዲ ተወላጅ ሐኪም ነው። «ሳውዲ» የሚለው ሲሰማ ፍርዱ አለቀ። ሰውየው ግን እስልምናን የተወ፣ በኤክስ ገጹም ሃይማኖቱን ሲያወግዝና ስደተኛ ጠሉን ፓርቲ ኤኤፍዲን ሲደግፍ የከረመ ነበር። ኤኤፍዲ በሦስተኛው ቀን እዚያው ከተማ ሰልፍ ጠራ። የሰልፈኛው ጩኸት «ይባረሩ!» ነበር። ማን? ያው እነሱ።

*

አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ የለንደን ሀበሻ «አውሮፓ በሙስሊም ተወረረች» የሚል ቪዲዮ ሲያጋራ አያለሁ። በጁላይ 2025 ከለንደን ወጣ ብላ ባለችው ኤፒንግ፣ በሆቴል ደጅ ተቃውሞ የተቀሰቀሰው አንድ ኢትዮጵያዊ ጥገኝነት ጠያቂ በወሲባዊ ጥቃት ተከስሶ ነው፤ በኋላም ጥፋተኛ ተብሎ ተፈርዶበታል። ጥፋቱ የእሱ ነው፤ ቅጣቱም ይገባዋል። ጩኸቱ ግን ሆቴሉ ውስጥ ላደረው ሁሉ ነበር፤ በር ላይ ቆሞ ማተብ የሚፈትሽም አልነበረም።