የአኮ አምፖል

እረፍት ደርሶ ወደየአገራችን ስንበተን ይዘነው የምንሄደው ነገር የታወቀ ነው። ያደፈ ልብስ፣ እናነባለን ብለን የማናነበው መጽሐፍ፣ ለእናት የምትሆን አንዲት ነጠላ፣ በቃ። ባለፈው የየካቲት እረፍት ግን እኛ ሦስት የነገሌ ቦረና ልጆች ከዚህ ሁሉ ጋር የመዳፍ ስፋት ያላትን አንዲት አረንጓዴ ሰሌዳ በፎጣ ጠቅልለን ተሳፈርን። ሐዋሳን፣ አለታ ወንዶን፣ ክብረ መንግሥትን አልፈን፣ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ በጉልበታችን ላይ እንደ ሕፃን አቅፈናት ነገሌ ገባን። ከቤተ ሙከራ በፊርማ የተዋስናት ስለነበረች እኛ ብንሰበር ይሻል ነበር፤ እሷ ከተሰበረች መመረቂያችን አብሮ ይሰበራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስታችን የአንዱ እናት አምስት በር ያለው ግቢ አላቸው። የማን እናት እንደሆኑ አንናገርም። ልጅ ሳለን ሦስታችንንም ከአንድ ትሪ ስላበሉን ሦስታችንም «እማዬ» ነው የምንላቸው። ግቢው አምስት በር ቢኖረውም ቆጣሪው አንድ ነው። የመብራት ሒሳብ ሲመጣ ለአምስት ይካፈላል፣ በየበሩ እኩል እኩል። እንዲህ ሲኖሩ ሻይ ሻጯ አሮጌ ፍሪጅ ገዛች። በቦና ወቅት፣ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ሰዓት፣ ቀዝቃዛ ውሃና ለስላሳ መሸጥ ጀመረች። ሒሳቡም ጨመረ። እማዬ «ከእንግዲህ የሁለት በር ትከፍያለሽ፣ አለዚያ ቤቴን ትለቂያለሽ» አሏት። እሷም «የእኔ ፍሪጅ ይህን ያህል አይበላም» አለች። በስልክ «እናንተ የኤሌክትሪክ ተማሪዎች አይደላችሁም እንዴ? ኑና ፍረዱን» ተባልን። እኛም ኮራን። እውነቱን ለመናገር ከመሄዳችን በፊት ፈርደን ነበር፤ የቀረን ማስረጃው ብቻ ነበር።

ሰሌዳዋ የሙከራ ሰሌዳ ትባላለች። በላይዋ ኤዲኢ7753 የሚባል ቺፕ አለ። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። በአንድ በኩል ቮልቱን፣ በሌላ በኩል የሚያልፈውን ጅረት በየቅጽበቱ ያያል፤ ሁለቱን ያባዛል፤ ብዜቱን እየደመረ ይሄዳል። ብዜቱ ኃይል ነው፣ ዋት። ድምሩ ጉልበት ነው፣ ኪሎ ዋት ሰዓት። እማዬ የሚከፍሉት ለድምሩ ነው። ግን ቺፑ ከግማሽ ቮልት በላይ በመግቢያው ከመጣበት አይችልም። ስለዚህ 220 ቮልቱን በሬዚስተሮች አንድ ሺህ ጊዜ አሳንሰን እናቀርብለታለን። ጅረቱን ደግሞ ገመዱ በመሀሉ በሚያልፍ ቀለበት፣ ማለት በትንሽ ትራንስፎርመር በኩል እናሳየዋለን።

ሲነገር ቀላል ነው አልን እንጂ ሲሠራ ሌላ ነው። የሰሌዳዋ ዜሮ ከኑሉ ጋር መያያዝ አለበት። በቤተ ሙከራችን ግድግዳ ላይ ኑልና ፌዝ ቦታቸው የታወቀ ነው። በእማዬ ግቢ ግን ሶኬቱን ያሰረው ሰው እንደመጣለት ነው ያሰረው። ሳንፈትሽ ሰካንና አንዳችንን ነዝሮ ወደ አልጋው ወረወረው። እማዬ «ኧረ ልጄን!» ብለው ሲጮኹ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። ከዚያ ወዲያ ቴስተር ሳናስነካ እጃችንን አላስገባንም። ቀጥሎም ቀለበቱን አዙረን ኖሮ ቁጥሩ በኔጌቲቭ መጣ። በቁጥሩ ከሄድን የሻይ ሻጯ ፍሪጅ መብራት እየበላ ሳይሆን እያመነጨ ለአገር ይልካል ማለት ነው። ከከተማችን ብዙ ሳይርቅ፣ በገናሌ ወንዝ ላይ፣ ጥር 26 ቀን 2012 ዓ.ም. የተመረቀ 254 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የገናሌ ዳዋ 3 ግድብ አለ። «አሁንስ ግድቡን ልንረዳው ነው» ብለን ሳቅን፤ ቀለበቱን አዞርነው፤ ተስተካከለ።

ትልቁ ስህተታችን ግን ሽቦ ላይ አልነበረም። ሰሌዳዋን ሳንሰካ ገና የመጡ ዕለት ማታ በእጅ መለኪያ የፍሪጁን ጅረት ለክተን 1.2 አምፒር አግኝተን ነበር። በ220 አባዛነውና 264 ዋት አልን። በ24 ሰዓት ስናባዛው በቀን ከ6 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ወጣ። «እማዬ፣ ልክ ነዎት፤ የሚበላው እሱ ነው» አልናቸው፣ ሻይ ሻጯ እየሰማች። ፊቷን አየነው። አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ብርጭቆዎቿን ማጠብ ቀጠለች።

በማግሥቱ ሰሌዳዋ ስትናገር ፍሪጁ 160 ዋት ነው አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሌዳዋን ጠረጠርናት። ባለ 100 ዋት አምፖል አሰርንላት፣ 98 አነበበች። ሰሌዳዋ ደህና ናት፤ እኛ ነን ደህና ያልሆንነው። በ2ኛ ዓመት የተፈተንንበትን፣ ጥሩ ማርክ ያገኘንበትን ትምህርት ቤታችን ስንደርስ ረስተነዋል። የፍሪጅ ሞተር ጅረቱ ከቮልቱ ኋላ ይጎተታል። ሁለቱ እኩል ስለማይራመዱ ቮልት በአምፒር ቢባዛ የሚመጣው ቁጥር ዋት አይደለም። ከተወሰደው ጅረት የተወሰነው ሥራ ሳይሠራ ተመልሶ ይሄዳል፤ ቆጣሪም አያስከፍልበትም። በዚያ ላይ ፍሪጅ ሲቀዘቅዝ ያርፋል። የሻይ ሻጯ ፍሪጅ በዚያ ሙቀት እንኳ ከቀኑ ግማሽ ያህሉን ብቻ ነበር የሚሠራው። በቀን የሚበላው 1.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ሆኖ ተገኘ። እኛ ከሦስት እጥፍ በላይ ከሰናት ኖሯል፣ ያውም በሰው ፊት።

አፍረን ሥራውን እንደገና ከሥሩ ጀመርን። የግቢው ቆጣሪ አሮጌው ባለ ዲስክ ነው፤ ሃንጋሪያዊው መሐንዲስ ኦቶ ብላቲ በ1889 እ.ኤ.አ. ካስተዋወቀው የመጣ ዓይነት። ፊቱ ላይ 600 ዙር አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት መሆኑ ተጽፏል። የግቢውን ድምር ከእሱ ወሰድን። ሰሌዳዋን ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት በፍሪጁ መሥመር፣ ከዚያ በሁለት የጋገራ ማታ በምጣዱ መሥመር፣ ቀጥሎ በየበሩ አሰርናት። በመጀመሪያው ሌሊት መብራት ሄደ። መብራት ሲመለስ ቺፑ የደመረውን ሁሉ ረስቶ ከዜሮ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ተራ ገብተን በየግማሽ ሰዓቱ ቁጥሩን በደብተር ጻፍን። የአገራችን ዲስክ ግን መብራት ቢጠፋም አይረሳም፤ በቆመበት ቆሞ ይጠብቃል። አዲሱን ነገር ይዘን ሄደን አሮጌውን አከበርን።

ምጣዱ ላይ የተጻፈው 3,600 ዋት ነው። ማታ ግን መሥመሩ ሲደክም ቮልቱ ወደ 187 ይወርዳል፤ ምጣዱም 2,600 ዋት ገደማ ብቻ ይወስዳል። ታዲያ ይህ ትርፍ አይደለም፤ ምጣዱ ቶሎ ስለማይግል ጋገራው ይረዝማል። እማዬ ለምግብ ቤቶች እንጀራ ያቀርባሉ፣ በሳምንት 4 ቀን። አንዱ ጋገራ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል።

የሳምንቱ ሒሳብ ሲዘጋ ግቢው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት በልቷል። ከዚህ ውስጥ የእማዬ በር፣ ምጣዱን ጨምሮ፣ 30 ነው። ሻይ ሻጯ ፍሪጁንና አምፖሏን ጨምሮ 14። የቀሩት ሦስት በሮች፣ አስተማሪው፣ የጋራዡ ሠራተኛና አኮ፣ ሁለት ሁለት። እኩል ሲካፈል እያንዳንዱ በር የ10 ይከፍላል።

ደብተሩን ደጋግመን አየነው። ሻይ ሻጯ ከድርሻዋ ትንሽ አጉድላ ትከፍል ነበር፤ ይህም እውነት ነው። እማዬ እንዳሉት የሁለት በር ብትከፍል ግን ያልበላችውን ትከፍላለች። እማዬ የበሉት 30፣ የከፈሉት የ10። አኮስ? አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። በመጨረሻው በር ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። አንዲት አምፖል አለቻቸው፤ እሷንም ማታ ጸሎታቸውን ሲጨርሱ ያጠፏታል። ከሚበሉት አምስት እጥፍ ሲከፍሉ ኖረዋል። እኛ ከሩቅ የመጣነው የተጣሉትን ሁለት ሰዎች ልናስታርቅ ነበር፤ የተበደለው ግን ያልተጣላው ሆኖ ተገኘ። ስለ አኮ ማንም በስልክ አልደወለልንም።

በነገሌ የክፍፍል ነገር አዲስ አይደለም። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በከተማችን የሰፈረው ጦር ሲያምፅ ከምክንያቱ አንዱ የተራው ወታደር የውሃ ፓምፕ መበላሸቱና ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዳ መከልከሉ ነበር። ጄኔራል ድረሴ ዱባለ ሊያዩ ቢመጡ ወታደሮቹ ይዘው እነሱ ከሚበሉት አበሏቸው፣ ከሚጠጡት አጠጧቸው። የዚያ ዓመት አብዮት ታሪክ ሲነገር ይህ ከመጀመሪያዎቹ ገጾች አንዱ ነው። ይህን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ ሁልጊዜ ከወታደሮቹ ጎን ነን። አሁን ግን በእጃችን ባለው ደብተር ከየትኛው ጉድጓድ ስንጠጣ እንዳደግን አየን። ደብተርና እስክሪብቶ የተገዛልን፣ ለአውቶቡስ የተከፈለልን ከእንጀራው ገንዘብ ነው። ምጣዱን ያጋለው በከፊል የአኮ ሒሳብ ነው።

«እንንገራቸው ወይስ እንተው?» ብለን አንድ ሌሊት ተከራከርን። አንዳችን «እናት ናቸው፤ የሻይ ሻጯን ብቻ እናስተካክልና እንሂድ» አለ። ሁለታችን ዝም አልን፤ ዝምታችን ግን መስማማት አልነበረም።

እሑድ ጠዋት፣ ቮልቱ ደህና በሆነበት ሰዓት፣ እማዬን ቆጣሪው ፊት ወንበር አቀረብንላቸው። ቺፕ፣ ሰሌዳ ምናምን አላልንም። ሁሉንም አጥፍተን ባለ 100 ዋት አምፖሉን ብቻ አበራን። የዲስኩ ጥቁር ምልክት አንድ ጊዜ ዞሮ እስኪመጣ አንድ ደቂቃ ፈጀ። «ይህ አምፖል ነው» አልን። ቀጥሎ ምጣዱን ሰካን። ዲስኩ በረረ። «ቁጠሩ» አሉን፤ እሳቸውም በጣታቸው አብረው ቆጠሩ። በደቂቃ 35 ዙር። ከዚያ የአኮን ደብተር አነበብንላቸው።

ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ቀጥለው «እናንተን ለዚህ ነው ያስተማርኳችሁ?» አሉ። ተቆጥተው ይሁን ኮርተው እስከ ዛሬ አልገባንም። ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። ከሰዓት በኋላ ቡና አፈሉና አምስቱንም በር ጠሩ። አኮን ከጎናቸው አስቀመጡ። ስለ ይቅርታ የተነገረ ነገር የለም፤ «ከዚህ ወር ጀምሮ ሒሳቡ እነዚህ ልጆች እንደጻፉት ነው» ብቻ አሉ። ሻይ ሻጯ ከ10 ወደ 14 መውጣቷን ስትሰማ ትንሽ አንገራገረች፤ ግን ተቀበለች። እኛም የዚያን ዕለት ማታ የተናገርነው ስህተት እንደነበር በሁሉ ፊት ነገርናት። «ኧረ ግድ የለም» አለች፣ ዓይናችንን ሳታይ።

ያለፈውስ? የስንት ዓመት ልዩነት ነው? ይህን የሚደምር ቺፕ አልያዝንም ነበር። አኮን ብንጠይቃቸው «መብራት እኮ በርቶልኛል፣ ምን ጎደለብኝ?» አሉና መረቁን። ምርቃቱ ከንዝረቱ በላይ አመመን።

ሰሌዳዋን በደህና መልሰናል፤ ፊርማችንም ተሰርዟል። እስቲ እናንተም፣ ጓደኞቻችን፣ በሚቀጥለው እረፍት ስትሄዱ ከቆጣሪው ፊት አንድ ደቂቃ ቁሙ። ሰሌዳ አያስፈልጋችሁም፤ ሰዓትና አንድ አምፖል ይበቃል። ግን መቁጠር ስትጀምሩ ከራሳችሁ ቤት በር ጀምሩ። እኛ ከጎረቤት በር ጀምረን ነው የተሳሳትነው።